ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት

ልጄ ሃያት ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሎሚ ጨምቃ መጠጣት ጀምራለች። እኔ ነገሩን አላምነውም። ሰመራ ላይ ውሃው ራሱ ጣሪያ ላይ ሲሞቅ ውሎ፣ ሲሞቅ አድሮ ነው ከቧንቧ የሚወርደው፤ እንደገና ምን ተብሎ ለብ ይደረጋል? ይህን ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ ታሳየኛለች። ስልኩ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት አለች፤ ሳቋ አያልቅም፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ እንኳ ፀጉሯ አይንጨባረርም። የጤናማ ሴት ጠዋት ምን መምሰል እንዳለበት ታስተምራለች። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሰውነት ማፍታታት፣ ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ዕንቁላል። ይቺ ሴት ባል አላት? ልጅ አላት? እሷ ስትንጠራራ ዕንቁላሉን የሚቀቅልላት ማን ነው? ደግሞስ ይህን ሁሉ ምክር በነፃ የምትሰጠን ምን አስባ ነው? ሃያት በሳቅ ትፈርሳለች። «እማ፣ አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሊያታልልሽ የመጣ ይመስልሻል» ትለኛለች። ይመስለኛል፤ ለምን ብዬ እዋሻለሁ።

እኔም ግን ከዘመቻው አላመለጥኩም። ባለቤቴ ሰይድ፣ አላህ ይማረውና፣ ካረፈ በኋላ አዋሽ ያለውን ቤት አከራይቼ ከልጄ ጋር ለመኖር ሰመራ ገባሁ። ሐኪም ቤት ስኳርሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። ሃያት ማግስቱኑ ሶሉ ዳቦ የሚያክል ጫማ ገዝታልኝ መጣች። እነሆ ሱብሂ ሰግደን፣ ያን አጠራጣሪ ውሃ ጠጥተን፣ ሁለታችን በሰፊው አስፋልት ላይ እንወጣለን። ሰመራ ጎህ ሲቀድ ደግ ናት፤ ንፋሱ ገና አልተቆጣም፣ ቢሮዎቹ ተዘግተው ያሸልባሉ፣ የመንገዱ መብራት ለማን እንደሚበራ ሳይታወቅ ይበራል። እኔ ይህን ቦታ የማውቀው ከተማ ሳይሆን ነው። የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረ ጊዜ ከሰይድ ጋር አንዴ በመኪናው አልፌበታለሁ፤ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። ሹፌሮች መስኮታቸውን ዘግተው ያልፉትና ሎጊያ ደርሰው ነው ትንፋሽ የሚሰበስቡት። ጎማ የሚጠገነው ሎጊያ፣ ምሳ የሚበላው ሎጊያ፣ ወሬ የሚሰማውም ሎጊያ ነበር። አሁን ሎጊያ የሰመራ ጎረቤት ተብላ ትጠራለች፤ ማን ማንን እንደቀደመ የሚያስታውስ የለም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል እድሪስ ቁርስ ላይ ሻዩን እያማሰለ፣ «እማ፣ ሃያት እንዲህ በጠዋት የምትወጣው እውነት ለእግር ጉዞ ብቻ ነው?» አለኝ። እየሳቀ ነው የጠየቀኝ። ሃያት ጓዳ ነበረች። «ሌላ ለምን ይሆናል?» አልኩት። «ቀልዴን ነው እማ፣ ቀልዴን ነው» አለና ሻዩን ጠጣ። እድሪስ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሶላቱን የማያጓድል፣ ደሞዙን ቤቱ የሚያስገባ። ያም ሆኖ ያ ሳቅ ከሆዴ አልወጣ አለ። እንዲያ ያለውን ቀልድ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ከትዳሬ ሊያስወጣኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

በማግስቱ ከሃያት ጋር ስንሄድ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ተገናኙ። አንዱ ከፍየሎቹ ጋር ነው፣ አንዱ ከሎጊያ በኩል በእግሩ የመጣ። እጅ ተጨባበጡና አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብለው ዳጉ ያዙ። ዳጉ ማለት አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን የሚለዋወጥበት ወግ ነው፤ ዝናቡ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ታመመ፣ ማን አገባ፣ የትኛው መኪና ተገለበጠ። ተራ ወሬ አይደለም፤ የሚናገረው አይጨምርም አይቀንስም፣ የሚሰማውም እስኪያልቅ አይነሳም። ሃያት ክንዴን ይዛ «እማ፣ አትቁሚ፣ ልባችን እንደሞቀ እንሂድ» ትለኛለች። የኔ ልብ ግን አዋሽ ሄዷል።

አዋሽ ያኔ ባቡር ነበራት። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲገባ ከተማው በሙሉ ጣቢያው ላይ ይፈስሳል፤ ብርቱካን በቅርጫት፣ ሎሚ በሳፋ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል በስሙኒ ሁለት። የጣቢያው አጥር ሐምራዊ አበባ የወረሰው ነበር፤ ሙሽሮች እዚያ ፎቶ ካልተነሱ ያገቡ አይመስላቸውም። እኛ ወጣት ሴቶች በዚያ ሙቀት ስስ ድሪያ ነው የምንለብሰው፤ ከአሰብ የሚመጣው አበባማው ሲሆን ጎረቤት ሁሉ ጫፉን እየዳሰሰ ዋጋውን ይጠይቃል፣ እኛም ዋጋውን ቀንሰን እንናገራለን፣ አይን እንዳይገባበት። ከየሻይ ቤቱ የአረብኛና የሱማሊኛ ካሴት ይጮሃል፤ ቃሉን ባናውቀውም አብረን እናዜማለን። እኔ ከወሎ ተድሬ መጥቼ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ጥግ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ነበር፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ፓስታ። በሩን ሰይድ ራሱ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። እሱ ከባድ መኪና ይነዳል፤ አሰብ ወርዶ እስኪመለስ ብዙ ቀን ብቻዬን ነኝ።

በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ እርግዝናዬ ከእጄ አመለጠ። ሆዴ ገፍቶ፣ ልብሱ ሁሉ ተሰፍቶ ነበር። ክሊኒክ ያለችው ነርስ ግፊትሽ ከፍ ብሏል አለችኝ። ጨው ቀንሺ፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለሽ አትዋዪ፣ ፀሐይ ሳይወጣ በእግርሽ ሂጂ፣ አለዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ ይሆናል አለች። እሷንም ጠርጥሬአታለሁ፤ መድኃኒት ሲያልቅባቸው ነው ሂጂ ተራመጂ የሚሉት ብዬ። ልጅ መፈለጌ ግን ከጥርጣሬዬ በለጠብኝና ሱብሂ ሰግጄ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ፣ ሸራ ጫማዬን አስሬ መውጣት ጀመርኩ። ከሐዲዱ ዳር ዳሩን ወደ አዋሽ ገደል የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ አንድ ትልቅ ግራር ጋ ሲደርስ እመለሳለሁ። ለሰይድ አልነገርኩትም። ስለ ጠፋው ልጅ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል፤ የነርሷን ቃል ብነግረው ጥፋቱ ያንቺ ነው የሚለኝ መሰለኝ።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በጠዋት ትወጣለች፣ ግን እጇ ላይ ዕቃ መኖር አለበት። ጀሪካን የያዘች ውሃ ልትቀዳ ነው፣ ዘንቢል የያዘች ገበያ ናት፣ ሳፋ የተሸከመች ልብስ ልታጥብ ነው፤ ማንም ወዴት ነሽ አይላትም። ባዶ እጇን ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ግን ሰው የቀጠረች ናት፣ አለቀ። ይህን ስለማውቅ መጀመሪያ ላይ ባዶ ጀሪካን ይዤ ነበር የምሄደው። ባዶ ወስጄ ባዶ እመልሳለሁ። ጉልበቴን እየደበደበ አሰለቸኝ፤ አንድ ቀን ቤት ጥዬው ወጣሁ። ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ የሄድኩበትን ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ልጅነቴ የተመለሰልኝ ያህል ነው ደስ ያለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ያየኝ ጀመር። ሰላምታቸው አጠረ። እኔም እያንዳንዱን ገርበብ ያለ በር መቁጠር ያዝኩ።

መንገድ ላይ የማገኛት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሐዋ የምትባል አፋር፣ ከሰሌን በተሰፋ ዕቃ የፍየል ወተት ወደ ከተማ የምታመጣ። እኔ ስሄድ እሷ ትመጣለች። ትቆማለች፣ እጄን ትይዛለች፣ ዳጉ ትለኛለች። እኔም የማላምነውን ሰው እንደማወራው በጥቂቱ እነግራታለሁ፤ ሱቅ ስኳር አልቋል፣ ባቡር ዘግይቷል። እሷ ግን ያላየችው ነገር የለም። አይኗ መሬት ላይ ነው፤ የማን ፍየል እንዳለፈ ከኮቴው ታውቃለች።

ሰይድ ነገሩን የሰማው ሎጊያ ነው። ጎማ እያስጠገነ ሳለ አንድ አፋር ሽማግሌ ከጎሚስታው ጋር ዳጉ ይዟል፤ ሰይድ አፋርኛ ይሰማል። ሽማግሌው የዝናቡን፣ የግመሉን ብሎ ብሎ አዋሽ ደረሰ። ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ ባለቤት፣ የሹፌሩ ሚስት፣ በየጠዋቱ ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን ወደ ገደሉ ትሄዳለች፣ ባዶ እጇን፣ እየፈጠነች፣ ወደ ኋላዋ እያየች አለ። ሰይድ ከዚያ በላይ አልጠበቀም። ሽማግሌው ገና እየተናገረ ብድግ ብሎ መኪናው ላይ ወጣ። ይህ በአፋር ዘንድ ነውር ነው። ደገኛ ግን ችኩል ነው፤ ግማሹን ሰምቶ ሌላውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። ከሎጊያ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ ገዋኔ፣ ከገዋኔ እስከ አዋሽ ሲሞላው መጣ።

በማይጠበቅበት ቀን፣ በቀትር፣ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሰላም አላለኝም። ውስጥ ገብቶ አልጋው ሥር ያለውን ሸራ ጫማዬን አነሳና ሶሉን ገልብጦ አየ።

«ዘሃራ፣ ይሄ ጫማ የተገዛው መቼ ነው?»

«ለዒድ።»

«ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትውል ሴት ጫማ እንዲህ ያልቃል?»

ሁሉም ገባኝ። የነርሷን ነገር፣ የግፊቱን፣ የጨዉን ነገርኩት። ወላሂ አልኩት። «ከማን ጋር ነው?» አለኝ። ብቻዬን አልኩት። «ሴት ልጅ ያለ ጉዳይ፣ ያለ ዕቃ፣ በጨለማ ገደል ድረስ ብቻዋን ትሄዳለች? ይህን ለማን ብነግር ያምነኛል?» አለ። እንግዲህ ለማን ሊነግር እንደሆነ አላውቅም። ክሊኒክ ሄደህ ነርሷን ጠይቃት አልኩት፤ ሴት ለሴት ትመሰክራለች አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዕቃሽን ሰብስቢ። ነገ ኮምቦልቻ ወንድምሽ ቤት አደርስሻለሁ። ነገሩ እስኪጣራ እዚያ ቆዪ» አለ። እስኪጣራ የተባለች ሴት ተመልሳ እንደማትመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሳለቅስ አደርኩ፤ ከልቅሶዬ ይልቅ ግን ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ልጄን አጥቻለሁ፣ ሌላ ልጅ ለማግኘት ብዬ የያዝኩት ብቸኛ ነገር ደግሞ ቤቴን ሊያሳጣኝ ነው።

ጠዋት አልወጣሁም። ሻንጣዬ በር ላይ ተቀምጧል፣ ሰይድ የመኪናውን ዘይት እያየ ነው። ፀሐይ ወጣ ሲል ሐዋ ወተቷን ይዛ መጣች። «ዘሃራ፣ ዛሬ መንገድ ላይ የለሽም» አለችኝ። ሰይድን አየችውና አጠገቡ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ወጉን ማጉደል አትችልም።

«አንተ ሹፌር፣ ዳጉ አምጣ» አለችው።

«ዳጉ የለኝም።»

«ከአሰብ መጥተህ ዳጉ የለህም? ታመሃል?»

ቶሎ እንድትሄድለት ሁለት ሦስት ነገር ጣል አደረገላት። አሁን ተራው የሷ ሆነ። ከላይ በኩል መዝነቡን ነገረችው። ወንዙ መሙላቱን ነገረችው። አዋሽ አርባ መውጫ ላይ ጤፍ የጫነ መኪና ዘንበል ማለቱን፣ ሰው አለመሞቱን፣ የአጎቷ ግመል መንታ ልትወልድ ነው ተብሎ አንድ መውለዷን ነገረችው። እሱ እግሩን ያወዛውዛል። በዚያው ድምፅ፣ ምንም ሳታነሳ ሳትጥል፣ «ሚስትህን በየቀኑ አያታለሁ» አለችው።

የሰይድ እግር ቆመ።

«ገና ሳይነጋ ትመጣለች። ትፈራለች፣ ጅብ አለ ብላ ወደ ኋላ ታያለች። ግራሩ ጋ ትደርሳለች፣ በእጇ ትነካዋለች፣ ትመለሳለች። አሸዋው ላይ አንድ ሰው የሄደበት አለ፣ አንድ ሰው የተመለሰበት አለ። እግሩ የሷ ነው። ለብቻዋ ታወራለች። አንድ ቀን ታለቅሳለች አየሁ። ልጅ የሞተባት ሴት እንደዚያ ታለቅሳለች። ስሟን አልጠራሁም፣ አለፍኩ። ከዚያ የኔ ፍየል ሁለት ወለደች።»

«ቆይ» አላት ሰይድ። «ሌላ ሰውስ? ወንድ አላየሽም?»

ሐዋ ተቆጣች። «ወንድ ቢኖር መጀመሪያ እሱን አልነግርህም? ዳጉ በግማሽ ይነገራል?» ብላ ተነሳች። ወተቱን ለክታ ሰጠችኝና ሄደች።

ሰይድ ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ሻንጣዬን አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባ። ይቅርታ አላለኝም። «ነገ ሱብሂ ላይ ቀስቅሺኝ» ብቻ ነው ያለኝ። በማግስቱ ነጠላ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ እየነገርኩት ያላመነውን፣ ወተት ሻጭ ስትነግረው አመነው። ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ እንደ አሸዋ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰይድ ከመንገድ በመጣ ቁጥር አብሮኝ ይሄድ ጀመር። ሃያትን አርግዤ ሆዴ እስኪገፋ ሄድን፤ ሃያትን በሰላም ወለድኳት፣ አልሐምዱሊላህ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ እኛ ሄድን። የጅቡቲው ደርቶ ባቡሩ ቆመ፣ እኛ ሄድን። እሱ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ነው የሚራመደው፤ እኔ ደግሞ ያን ቀረት ማለቱን እወቅሰዋለሁ። አብሮኝ ሊሆን ነው የሚመጣው ወይስ ሊጠብቀኝ? ግራሩ ጋ ስንደርስ ዙሪያውን ያያል። ምን ፈልጎ ነው? የማንን እግር? ጠይቄው አላውቅም። ቤታችን ሞቅ ያለ ነበር፣ ሳቅም ነበረበት፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከኔ ጋር ባሌ ይሂድ ዘበኛዬ ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።

ይህን ሁሉ በዚያ ሰፊ የሰመራ አስፋልት ላይ ለሃያት ነገርኳት። እድሪስ የጠየቀኝንም ጨመርኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ። «እና አባዬ ዘበኛ ነበር ብለሽ ነው የምታስቢው?» አለችኝ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት መጨረሻውንም ነገርኳት፤ እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ሰይድ በመጨረሻው ዓመት እግሩ አብጦ ከበር ማለፍ አቃተው። አሁንስ ቤት ትቀሪ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ከኔ ቀድሞ ይነቃና፣ «ዘሃራ ተነሺ፣ ፀሐይ ሊቀድምሽ ነው» ይለኛል። ወንበሩን በር ላይ አውጪልኝ ይላል። አወጣለታለሁ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ገደሉ ድረስ በአይኑ እንደሚሸኘኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት መቁጠሪያዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ወንበሩ ዞሯል። ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሰይድ፣ ምን ሆነህ ነው ግድግዳ የምታየው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም።

«የምጠብቅሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው» አለኝ። «ያን ጊዜም እኮ ዘሃራ፣ ጅቡን ፈርቼልሽ ነው ከኋላ የምሄደው። ብነግርሽ አታምኚኝም ነበር። እኔም አላመንኩሽም ነበርና፣ ምን ብዬ እመኚኝ እልሻለሁ?»

ያን ሁሉ ዓመት እንደጠረጠርኩት ያውቅ ኖሯል። እያወቀ ነው አብሮኝ የሄደው። ያን ጠዋት አልሄድኩም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ከውስጥ ሌላ ወንበር አወጣሁና አጠገቡ፣ እኔም ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።